ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ምንድን ነው?

በባዶ ሆዷ ተመርምራ «ስኳርሽ ደህና ነው» የተባለች ሴት ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ሊኖርባት ይችላል። ግራ የሚያጋባውም ይሄው ነው።

የበላነው እንጀራ ወይም ፓስታ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ሲገባ ቆሽት ኢንሱሊን ይለቃል። ኢንሱሊን የጡንቻን ሴሎች በር እያንኳኳ ስኳሩን ያስገባል። ሬዚስታንስ የሚባለው ሴሎቹ ሰምተው እንዳልሰሙ ሲሆኑ ነው። ቆሽት ታዲያ ዝም አይልም፤ ኢንሱሊን ጨምሮ ደጋግሞ ያንኳኳል። በዚህ ጉልበት የስኳሩ መጠን ለዓመታት ልኩን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ቆሽት ሲደክም ነው ቁጥሩ ወደ ላይ የሚወጣው። በባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ከሆነ የስኳር በሽታ ዋዜማ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ራሱ በሽታው ነው።

ሴቶች ላይ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ስኳር አይመስልም። የበዛው ኢንሱሊን እንቁላል ማምረቻውን እየገፋፋ የወንድ ሆርሞን ያስጨምራል። ከዚያ የወር አበባ ይዛባል፣ አገጭ ላይ ፀጉር ይወጣል። አንገት ላይ የሚታይ በሳሙና የማይለቅ ጥቁረትም አለ። (ስንቷ ልጅ «አንገትሽን በደንብ እሺው» እየተባለች አደገች!) ሲያርጡ ደግሞ ስቡ ወደ ሆድ ይሄዳል። ሜትር ካለሽ ወገብሽን ለኪ፤ ለሴት 80 ሴንቲሜትር ሲደርስ መጠንቀቅ ነው።

«እንጀራ አቁሚ» የሚለው ምክር ለእኔ አይዋጥልኝም። ከብዙ ምስርና ጎመን ጋር የተበላ አንድ እንጀራና አራት ኪሎ ምሳ ቤት የምናዘው ፓስታ በእንጀራ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ስታርች በስታርች ነው። ምስሩና ጎመኑ ስኳሩ ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋሉ። የጾም በያይነቱ እንደውም ጥሩ ነው፣ ዘይቱ ካልበዛ። ይልቅ የሚጠጣውን እዩት። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የቀኑ የተጨመረ ስኳር ከ25 ግራም ባያልፍ ይመረጣል ይላል። ሲሮፕ የወረደበት ስፕሪስም «ጁስ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

አሁን ወደ ዋናው። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን እስኪያንኳኳ አይጠብቅም፤ በሩን ራሱ ከፍቶ ስኳሩን ይወስዳል። ጥቅሙ እንቅስቃሴው ካለቀ በኋላም አንድ ሁለት ቀን ይቆያል፣ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ባይቀንስም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ተቃጥሎ ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ መዋል አያዋጣም። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይመከራል፣ ተከፋፍሎ። ከምሳ በኋላ ማኪያቶ ላይ ከመቀመጥ በፊት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ አቅጣጫ ለ15 ደቂቃ መሄድና መመለስ ስኳሩ ከፍ በሚልበት ሰዓት ላይ ይውላል። መንገዱም ታድሶ ሰፍቷል፣ ሰበብ የለም።

ክብደት ማንሳትን ብዙዎቻችን «ወንድ እመስላለሁ» ብለን እንሸሸዋለን። አትመስይም፤ ከላይ እንዳልኩት ቢጨምር እንኳ ለዚያ የሚበቃ የወንድ ሆርሞን የለሽም። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ጂም የማይመች ከሆነ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ማለትና ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ መሥራት መጀመሪያ ይሆናል። በእርግዝና ጊዜ ስኳር የነበረባት ሴት ግን ከዚህ ጎን ለጎን ከወለደች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ፣ ከዚያም በየጊዜው ትመርመር።