ኢ.ኤም.ኤም.ኤል፦ በፊልም የተቀመጠው የግዕዝ ቤተ መጻሕፍት

ስለዚህ ላይብረሪ በአማርኛ አንድ ላይ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ያለኝን ይዤ ይሄን አዘጋጀሁ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. የሚባለው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ላይብረሪ ነው። ሥራው የተጀመረው በ1973 ሲሆን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክ፣ የባህል ሚኒስቴር እና አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ላይ በሴንት ጆንስ የቤኔዲክት መነኮሳት ግቢ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት አንድ ላይ ሆነው ነው የሠሩት፣ ሐሳቡን ከገፉት ሰዎች መሀል ደግሞ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲው የብሉይ ኪዳን ምሁር ዋልተር ሃረልሰን አሉበት። በየገዳሙና በየአድባራቱ ዕቃ ቤት ያሉትን የብራና መጻሕፍት ፊልም አንስቶ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ ሌላውን ኮሌጅቪል ማስቀመጥ ነበር ዓላማው። መጽሐፎቹ ከሀገር አልወጡም፣ የወጣው ምስላቸው ነው። ይሄን ማስመር ያስፈለገኝ በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ ጭነው የወሰዷቸው መጻሕፍት እስከ ዛሬ ለንደን ስላሉ ሰው ሁለቱን ነገር እንዳያምታታ ብዬ ነው።

የተነሱት መጻሕፍት ብዛት ከ8000 በላይ መሆኑ አያከራክርም፣ ወደ 9000 የሚያስጠጉትም አሉ። አብዛኛው ከሸዋና ከወሎ ነው። ትግራይና ኤርትራ በዚያን ጊዜ በነበረው ጦርነት ምክንያት እምብዛም አልተነኩም፣ የትግራዩን ክፍተት ብዙ ቆይቶ ከ2009 እስከ 2015 ከሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ኢትዮ-ስፓሬ የሚባለው ፕሮጀክት በዲጂታል ካሜራ በመጠኑ ሞልቶታል። በደርግ ዘመን የፊልም ማንሳቱ ሥራ እየተንገዳገደም ቢሆን ቀጥሏል።

እያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር አለው፣ ግዕዝ የሚያጠና ሰው ዛሬ ጃፓንም ይሁን ጣልያን በዚያ ቁጥር ነው የሚጠራው። ለምሳሌ ቁጥር 1832 ወሎ ውስጥ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አራቱ ወንጌል ነው፣ በ1280/81 አካባቢ በገዳሙ አበምኔት በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ጊዜ የተጻፈ፣ የጻድቁ ሥዕልም ውስጡ አለ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን በዚሁ ወንጌል ላይ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያስገቧቸው መጻሕፍት ዝርዝር መጻፉ ነው። ማለትም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሐይቅ ላይ ካታሎግ ነበረ ማለት ነው! ላይብረሪ ከውጭ የመጣ ነገር ለሚመስለው ሰው እቺን አንዲት ገጽ ማሳየት ይበቃል።

ወደ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. ዋና ካታሎግ እንምጣ። ከ1975 እስከ 1993 ድረስ አስር ቅጽ ታትሟል፣ ከቁጥር 1 እስከ 5000 ያሉትን ይይዛል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅጾች ዊልያም ማኮምበር ሠሩ፣ አምስተኛውን አብረው፣ አራተኛውንና ከአምስተኛው በኋላ ያሉትን አብዛኞቹን ደግሞ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ። እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ያለሳቸው ይሄ ላይብረሪ የተቆለለ ፊልም ነበር የሚሆነው።

ፕሮፌሰር ጌታቸው በ1931 ሸንኮራ ተወለዱ፣ የአብነት ትምህርት ቀመሱ፣ ቀጥለው ካይሮ ተማሩ፣ በ1962 ከጀርመን ቱቢንገን ዶክትሬታቸውን ይዘው ተመልሰው ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ደርግ ሲመጣ የሸንጎ አባል ሆነው ያመኑበትን በግልጽ ይናገሩ ነበርና በ1975 ወታደሮች እቤታቸው ድረስ መጥተው በተተኮሰባቸው ጥይት አከርካሪያቸው ተመታ፣ ከዚያ በኋላ ሙሉ ሕይወታቸውን በዊልቸር ነው ያሳለፉት። በ1976 ኮሌጅቪል ገቡ። እንግዲህ አስቡት፣ ሀገሩን ያጣ፣ እግሩን ያጣ ሰው፣ በረዶ በማይለቀው ሚኒሶታ ተቀምጦ የሸዋንና የወሎን መጻሕፍት በፊልም ማንበቢያ ማሽን አንድ በአንድ እያነበበ ይሄ ገድል ነው፣ ይሄ ድርሳን ነው፣ ጸሐፊው እገሌ ነው፣ በህዳጉ (በገጹ ዳር ባለው ባዶ ቦታ) ላይ የመሬት ስጦታ ተጽፏል እያለ ሲመዘግብ። ዳዊት በሺህ ጊዜ ቢመጣ እንኳ አልተናቀም፣ እሱም ተገልጦ ህዳጉ ታየ፣ ምክንያቱም ታሪክ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ህዳግ ላይ ነው። በ1988 ማክአርተር የተባለውን ትልቁን የአሜሪካ ሽልማት አገኙ። የደቂቀ እስጢፋኖስን፣ ማለትም በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተነሱትን የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት፣ ገድል ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሰው ለተራው አንባቢ ያደረሱትም እሳቸው ናቸው። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ከመጻሕፍቱ አልተለዩም።

እንዲህም ሆኖ የታተመው ካታሎግ 5000 ላይ ቆመ። ከ3000 በላይ የሚሆኑት በመጽሐፍ መልክ ዝርዝራቸው ሳይወጣ ቀረ፣ እነዚያን አሁን ባለሙያዎች ኦንላይን ላይ ነው እየመዘገቡ ያሉት። የግዕዝን ድርሰት ያን ያህል የሚያውቅ ሰው ግማሽ ዕድሜውን ሰጥቶበት ያላለቀ ስብስብ ነው እንግዲህ።

የአብነት ትምህርት ቤቱም ሥርዓት ዕውቀት እንዲህ የማያልቅ መሆኑን ያሳያል። ተማሪው ከንባብ ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔ ወደ መጻሕፍት ቤት ይሄዳል፣ መጻሕፍት ቤት ደግሞ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት ተብሎ ለአራት የተከፈለ ነው፣ አራቱንም የጨረሰ አራት ዓይና ይባላል። ግን አንዱን ጉባኤ (የትምህርት ክፍል) አስመስክሮ መምህር የሆነ ሰው ሌላውን ለመማር እንደገና ተማሪ ሆኖ ከሌላ መምህር እግር ስር መቀመጡ ነውር አልነበረም፣ ያስከብረው ነበር እንጂ።

ፊልሞቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው የጸሐፊዎቹ ማሳረጊያም ይሄን የትሕትና መንፈስ የያዘ ነው። ወራት ሙሉ ጎንበስ ብሎ ብራና ላይ የጻፈው ሰው ስሙን ሲያነሳ ኃጥእ ወአባሲ (ኃጢአተኛና በደለኛ) ብሎ ነው፣ ብዙው ደግሞ ጭራሽ ስሙን አይጽፍም። «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ ወለዘአንበቦ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ ኅቡረ ይምሐሮሙ እግዚአብሔር» ይላል፣ የጻፈውን፣ ያስጻፈውን፣ ያነበበውን፣ ቃሉን የሰማውን እግዚአብሔር በአንድነት ይማራቸው ማለት ነው። ገንዘብ ያወጣው መኳንንትና ማንበብ የማይችለው ሰሚ እኩል ነው የተቆጠሩት።

ዛሬ ብዙዎቹ ፊልሞች ወደ ዲጂታል ተቀይረው በሂል ቤተ መጻሕፍት የኦንላይን ንባብ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ፣ ተመዝግቦ መግባት ነው፣ ክፍያ የለውም። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀዩ ቀለም ከጥቁሩ ለመለየት ያስቸግራል፣ አንዳንዱ ገጽም ደብዝዟል። የሚከፍት ሰው ጽሑፉን ብቻ አይቶ እንዳያልፍ፣ ህዳጉንና የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ይገልብጥ፣ የሰበካው ሰዎች ስም፣ የሙግት ውል፣ የብዕር መሞከሪያ ሁሉ እዚያ ነው ያለው።