በሊኑክስ ሎግ ላይ የሚደጋገመው «ማርሺያን ሶርስ» ምንድን ነው?

የሊኑክስ ማሽን ጌትዌይ (ወደ ኢንተርኔት መውጫ) አድርጎ የሚጠቀም ሰው አንድ ቀን ሎጉን (የማሽኑን የመልእክት መዝገብ) ሲከፍት እንዲህ የሚል መስመር ያገኛል፦

«ማርሺያን ሶርስ 255.255.255.255 ፍሮም 192.168.1.64፣ ኦን ዴቭ ኢቲኤች1»

ከስሩ «ኤልኤል ሄደር» ብሎ የሚጀምር፣ የቁጥርና የፊደል ጥንዶች የተደረደሩበት ሌላ መስመር አለ። ከዚያ ያው መልእክት ይደገማል። ቢያሳልፉት ቢያሳልፉት አያልቅም። ድሬዳዋ ከሆናችሁ «አቦ፣ ተጠለፍን!» የሚል ሰው ከአጠገባችሁ አይጠፋም።

መልእክቱ ግን ተጠልፋችኋል አይልም። ከርነሉ (የሊኑክስ ዋናው ክፍል) የሚላችሁ ይሄን ነው፦ አንድ ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) መጣ፤ የላኪው አድራሻ በዚህ በር ሊመጣ የሚገባው ስላልሆነ ጣልኩት። እሱ የራሱን ሠርቷል። የእናንተ ድርሻ ፓኬቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ብዙ ሰው ግን ከዚህ በፊት መልእክቱን ወደ ማጥፋት ይሮጣል፣ ሥራውም የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ማርሺያን፣ ማለትም «የማርስ ሰው» የሚለው ስም የአንድ ፕሮግራመር ቀልድ ሊመስል ይችላል። ግን በ1995 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የራውተሮች መመዘኛ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 1812፣ ራሱ በይፋ የሚጠቀምበት ቃል ነው። ሊኑክስ ማርሺያን የሚላቸው ፓኬቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በየትም ኔትወርክ ላኪ ሊሆን የማይችል አድራሻ የያዘ ነው። ለምሳሌ በ127 የሚጀምር አድራሻ ማሽኑ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ስለሆነ በኬብል ሊመጣ አይችልም። ከ224 እስከ 239 የሚጀምሩት የመልቲካስት አድራሻዎችም ተቀባይ እንጂ ላኪ አይሆኑም። እንዲህ ያለው ብዙ አያጋጥምም።

በብዛት የሚያጋጥመው ሁለተኛው ነው። አድራሻው ደህና ነው፤ የመጣበት በር ግን አይገጥምም። በደንገጎ በኩል ከሐረር ከገባ ሚኒባስ ወርዶ «አሁን ከጅቡቲ መግባቴ ነው» የሚል መንገደኛ አስቡ። ውሸታም ላይሆን ይችላል፣ ግን መንገዱ አልገጠመም። ከርነሉም ፓኬት ሲመጣለት የመንገድ ሰንጠረዡን አይቶ «ለዚህ ላኪ መልስ ብልክ በየትኛው ኢንተርፌስ (የኔትወርክ በር) ይወጣል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። መልሱ ፓኬቱ ከገባበት ኢንተርፌስ ጋር ካልተስማማ ይጥለዋል። ይህ ማጣሪያ ሪቨርስ ፓዝ ፊልተር፣ ባጭሩ አርፒ ፊልተር ይባላል። 0 ሲሆን ማጣሪያው አይሠራም። 1 ሲሆን ጥብቅ ነው፤ አሁን ያልኩት እሱ ነው። 2 ሲሆን ላላ ይላል፤ ላኪው ጋ በየትኛውም ኢንተርፌስ መድረስ ከተቻለ ያሳልፋል።

ሎግ ላይ የሚጻፈው ደግሞ «ሎግ ማርሺያንስ» የሚባለው ማስተካከያ ከበራ ብቻ ነው። ከርነሉ ሲጀመር አጥፍቶት ነው የሚመጣው። ሰርቨር ለማጠንከር የሚጻፉ የደህንነት መመሪያዎች ግን አብሩት ይላሉ። ስለዚህ መልእክቱ ትናንት በድንገት ከጀመረ «ማን ገባብን?» ከማለታችሁ በፊት «ማሽኑን ማን ነካው?» በሉ። አንድ ሰው ከኢንተርኔት ያገኘውን የማጠንከሪያ ስክሪፕት አሂዶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ፓኬቶቹ ድሮም ይመጡ ነበር፤ የሚጽፋቸው አልነበረም እንጂ።

አሁን ወደ ንባቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ሶርስ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን አድራሻ ላኪው ነው ብሎ ይወስዳል። አይደለም። እሱ ተቀባዩ ነው። ላኪው «ፍሮም» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ነው። አጻጻፉ አሳሳች መሆኑን እኔም እቀበላለሁ፤ ግን ከርነሉ የሚጽፈው እንዲህ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 192.168.1.64 የሆነ ዕቃ «ሁላችሁም ስሙኝ» ብሎ ለ255.255.255.255 ላከ፣ ፓኬቱም በኢቲኤች1 ገባ ማለት ነው። ይህን ገልብጦ ያነበበ ሰው ሌላ ዕቃ ሲፈልግ ነው የሚውለው።

ሁለተኛውን መስመር ደግሞ አትዝለሉት። በኢተርኔት ላይ ኤልኤል ሄደር 14 ጥንዶች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ የተቀባዩ ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ) ናቸው። ብሮድካስት (ለሁሉም የተላከ) ከሆነ ስድስቱም «ኤፍኤፍ» ናቸው። ቀጣዮቹ ስድስቱ የላኪው ማክ ናቸው። መጨረሻ ላይ ያለው 08 00 ፓኬቱ አይፒቪ4 መሆኑን ይነግራል። የምትፈልጉት መሃለኛውን ስድስት ነው። አይፒ አድራሻ ማንም እንደፈለገ ሊሰጥ ይችላል፤ ማኩ ግን ወደ ዕቃው ይመራችኋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥንዶች የአምራቹ መለያ ስለሆኑ በነፃ ከሚገኙ የማክ መፈለጊያዎች በአንዱ ብታስገቡት «የካሜራ ፋብሪካ» ወይም «የፕሪንተር ፋብሪካ» የሚል ፍንጭ ይሰጣችኋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፓኬቱ በሌላ ራውተር በኩል አልፎ የመጣ ከሆነ የምታዩት ማክ የራውተሩ ነው፣ የዕቃው አይደለም። ስልኮች ደግሞ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ለዋይፋይ የዘፈቀደ ማክ ይጠቀማሉ። የማኩ ሁለተኛ ፊደል 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ የፋብሪካ ማክ ስላልሆነ አምራች ፍለጋ አትድከሙ።

እንግዲህ ድሬዳዋ ውስጥ ይሄ ነገር ከየት ይመጣል? እንበል ከዚራ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው። የሊኑክሱ ማሽን ሁለት ካርድ አለው። ኢቲኤች0 ወደ ሞደሙ፣ ኢቲኤች1 ወደ ውስጥ። የውስጡ ኔትወርክ በ10.0.5 ይጀምራል። ባለቤቱ ከታይዋን ገበያ የደህንነት ካሜራ ገዛ፣ ስዊቹ ላይ ሰካ፣ ሄደ። ካሜራው ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ቋሚ አድራሻ 192.168.1.64 ነው። ማንም አልቀየረለትም። ማሽኑ ሰንጠረዡን ሲያይ ይህ አድራሻ የውስጡ ኔትወርክ አይደለም፤ መልስ ቢላክለት የሚወጣው በኢቲኤች0 ወደ ኢንተርኔት ነው። ፓኬቱ ግን በኢቲኤች1 ገባ። ማርሺያን።

እዚህ ላይ ግር የሚያሰኝ ነገር አለ። ያው ካሜራ አንድ ካርድ ብቻ ያለው ማሽን አጠገብ ቢጮህ ሎጉ ላይ ምንም ላይጻፍ ይችላል። ወደማይታወቅ አድራሻ የሚወስደው ዋና መንገድም በዚያው ካርድ ስለሆነ በሩ ገጠመ። «ሌላው ሰርቨር ላይ አይታይም፣ ስለዚህ ችግሩ ይሄኛው ላይ ነው» የሚለው ክርክር የማይሠራው ለዚህ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣም የራሱ ጣጣ አለው። ሁሉም ዕቃ በአንዴ ይነሳል። ፕሪንተሩ አድራሻ ከሚሰጠው ማሽን ቀድሞ ከተነሳ ዲኤችሲፒ የሚመልስለት አያገኝም። ያን ጊዜ ለራሱ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ሰጥቶ መናገር ይጀምራል። ከ«ፍሮም» ቀጥሎ 169.254 ካያችሁ ጠላፊ አትፈልጉ፤ አድራሻ ያጣ ዕቃ ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ አጥፍቶ ማብራት ይበቃዋል።

ሌላው ምንጭ ሁለት የኢንተርኔት መስመር ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለደንበኞች በሙከራ የከፈተው እዚሁ ድሬዳዋ ነበር፣ ነሐሴ 2014። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲጠፋ በሌላው ለመሥራት ኢትዮ ቴሌኮምንም ሳፋሪኮምንም ማስገባት የሚፈልግ ድርጅት ቢኖር አይገርምም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሁለቱን መስመር አንድ የሊኑክስ ማሽን ላይ ሰክታችሁ አርፒ ፊልተርን 1 ላይ ከተዋችሁት፣ በሁለተኛው መስመር የሚገባው መልስ ሊጣል ይችላል። ዋናው መንገድ በመጀመሪያው መስመር ነው ብሎ ሰንጠረዡ ስለሚናገር ነው። የዚህኛው ምልክት ግልጽ ነው፦ ከ«ፍሮም» ቀጥሎ ያሉት አድራሻዎች ብዙና የተለያዩ፣ የኢንተርኔት አድራሻዎች ናቸው። ከመልእክቱ ጋር አብሮ የሚመጣ እውነተኛ ችግርም አለ፣ አንዳንዱ ገጽ ይከፈታል አንዳንዱ አይከፈትም። መፍትሔው ማጣሪያውን 2 ማድረግ ነው። ኡቡንቱ በቅርብ ዓመታት ከመነሻው 2 አድርጎ ይመጣል።

ሲቀየር አንድ ወጥመድ አለ። አርፒ ፊልተር ለእያንዳንዱ ኢንተርፌስ አንድ፣ «ኦል» ለሚባለው ደግሞ ሌላ ዋጋ አለው፤ የሚሠራው ከሁለቱ ትልቁ ነው። «ኦል» 1 ሆኖ ሳለ ኢንተርፌሱን 0 ብታደርጉት ምንም አይለወጥም። ሎግ ማርሺያንስም ቢሆን ከሁለቱ አንዱ ከበራ በርቷል ማለት ነው። «አጠፋሁት ግን አሁንም ይጽፋል» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መልሱ ይሄው ነው። በሲስሲቲኤል ትእዛዝ የቀየራችሁት ደግሞ ማሽኑ ሲነሳ ይጠፋል። እንዲቆይ ከፈለጋችሁ በሲስሲቲኤል የማስተካከያ ማህደር ውስጥ በፋይል ጻፉት።

ከሁሉም የከፋው ከ«ፍሮም» ቀጥሎ የራሳችሁን የማሽን አድራሻ ስታዩ ነው። አንድ ሌላ ዕቃ የእናንተን አይፒ ወስዷል፣ ወይም ደግሞ ሉፕ አለና የላካችሁት ፓኬት ተመልሶ መጥቷል። ማኩን እዩ። የራሳችሁ ከሆነ ሉፕ ነው፤ ስዊቹ ላይ ሁለቱም ጫፎቹ የተሰኩ ኬብል ፈልጉ። የሌላ ከሆነ የአድራሻ ግጭት ነው፤ አርፒንግ በሚባለው መሣሪያ ማረጋገጥ ይቻላል። ይሄን ለነገ አታሳድሩት።

ፍለጋው እንዲህ ቢሄድ እመርጣለሁ። መጀመሪያ የከርነሉን መልእክት በጆርናልሲቲኤል አውጡ፣ በግሬፕ ማርሺያን የሚለውን ለዩ፣ የ«ፍሮም» አድራሻዎቹን በሶርትና በዩኒክ ቁጠሩ። ብዙውን ጊዜ ሺው መስመር የአንድ ወይም የሁለት ዕቃ ጩኸት ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ፓኬቶችን የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕን ማክ አድራሻ እንዲያሳይ አድርጋችሁ ያንን ማክ ብቻ ተከታተሉ፤ ዕቃው ምን እየጠየቀ እንደሆነ ይታያል። ስዊቹ ማስተዳደሪያ ገጽ ካለው ማኩ በየትኛው ፖርት እንዳለ ይነግራችኋል። ከሌለው ኬብል አንድ በአንድ ነቅሎ ሎጉ ዝም የሚልበትን መጠበቅ ነው። ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። በበርጫ ሰዓት የሰው ኢንተርኔት መንቀል ከጀመራችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

ስለ ብዛቱ ካነሳን፣ ከርነሉ የኔትወርክ መልእክቶቹን ራሱ ይገድባል፤ በመነሻው በ5 ሰከንድ 10 ናቸው። ከዚያ ያለፈውን «ይህን ያህል ካልባክስ ሰፕረስድ» በሚል አንድ መስመር ያጠቃልለዋል። ይህን መስመር ካያችሁ እውነተኛው ቁጥር ከምታዩት ይበልጣል ማለት ነው። ገደቡም ቢኖር በቀን እስከ 172,800 መልእክት ይፈቅዳል፣ እያንዳንዱም ሁለት መስመር ነው። አርሲስሎግ የሚባለው የሎግ ጻፊ ያለው ኡቡንቱ ላይ ያው መልእክት ጆርናሉ ውስጥ፣ ሲስሎግ ውስጥና ከርን ሎግ ውስጥ ሦስት ቦታ ይጻፋል። ትንሽ ዲስክ ላለው ማሽን ይሄ ቀልድ አይደለም።

ዕቃው ታውቆ ሊስተካከል ካልቻለስ? ለምሳሌ የጎረቤት ወይም የተከራይ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሎግ ማርሺያንስን ሙሉ በሙሉ ከማጥፋት ያንን አንድ ላኪ ብቻ በፋየርዎሉ «ሮው» በሚባለው ሰንጠረዥ፣ ፕሪራውቲንግ ላይ ጣሉት። እዚያ የሚጣል ፓኬት የመንገድ ፍተሻው ጋ ስለማይደርስ መልእክቱም አይጻፍም። ሌሎች ማርሺያኖች ግን መታየታቸውን ይቀጥላሉ።

ይሄ ሁሉ የአይፒቪ4 ጉዳይ ነው። በአይፒቪ6 በኩል አርፒ ፊልተርም ሎግ ማርሺያንስም የሚባል የሲስሲቲኤል ማስተካከያ የለም። ተመሳሳይ ቁጥጥር የፈለገ ሰው በፋየርዎሉ መጻፍ አለበት። በአይፒቴብልስ «አርፒፊልተር»፣ በኤንኤፍቴብልስ «ፊብ» የሚባሉት ለዚሁ የተሠሩ ናቸው፤ ሎግ የሚጽፉትም እናንተ ካዘዛችኋቸው ብቻ ነው።