የፍሉ ክትባት አቅርቦት በአሜሪካ እንዴት ይታቀዳል

የፍሉ ክትባት ከሌላው ክትባት የሚለየው በየአመቱ እንደ አዲስ መሰራቱ ነው፣ ያምናው ለዘንድሮ አይሆንም፣ ስለዚህ መጋዘን ሞልቶ መቀመጥ የሚባል ነገር የለም። ኦክቶበር ላይ ስንት ሰው እንደሚከተብ ሳይታወቅ ከወራት በፊት መወሰን አለበት፣ የጤና ፕሮግራሞቹ ጭንቀት በሙሉ ከዚህ ነው የሚመነጨው።

ስራው የሚጀምረው ፌብሩዋሪ አካባቢ ነው። የአለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች ከ1952 ጀምሮ የሚሰራ የላብራቶሪ መረብ አለው፣ ከመቶ በላይ አገሮች አመቱን ሙሉ ቫይረሱን ይከታተላሉ፣ አትላንታ፣ ለንደን፣ ሜልቦርን፣ ቶኪዮና ቤጂንግ ያሉት ማእከሎች ውጤቱን ያጣራሉ፣ ከዛ ለሰሜኑ የአለም ክፍል የትኞቹ ዝርያዎች ክትባቱ ውስጥ ይግቡ የሚለው ይመከራል፣ ለአሜሪካ የመጨረሻውን የሚወስነው ኤፍዲኤ፣ የአገሪቱ የመድሃኒት ተቆጣጣሪ፣ ነው። ቢ ያማጋታ የሚባለው ዝርያ ከማርች 2020 ወዲህ ሲዘዋወር ስላልታየ ከ2024-25 ጀምሮ ክትባቱ ከአራት ዝርያ ወደ ሶስት ወርዷል።

አብዛኛው ዶዝ አሁንም የሚመረተው በዶሮ እንቁላል ነው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል፣ ማፍጠን ደግሞ አይቻልም። በ2009 የአሳማ ፍሉ ወረርሽኝ ጊዜ አዲሱ ቫይረስ እንቁላል ውስጥ ቶሎ አላድግ ብሎ ለኦክቶበር ቃል የተገባው መጠን ሳይደርስ ቀርቷል፣ ክትባቱ እንደልብ የተገኘው ብዙ ሰው ከታመመ በኋላ ነው።

ኦርደር ግን ይሄን ሁሉ አይጠብቅም። ክሊኒኮችና ፋርማሲዎች የሚቀጥለውን አመት የሚያዙት የዘንድሮው ፍሉ ገና ሳያልቅ ነው፣ አምና ስንት ሰው ተከተበ፣ ስንት ተረፈ ብለው ይገምታሉ። አብዛኛውን ዶዝ የሚገዙትም እነሱ ናቸው፣ የመንግስት ድርሻ ትንሽ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ሁሉንም የፌደራሉ የበሽታ መከላከያ ተቋም ሲዲሲ የሚያከፋፍል ይመስለዋል።

መንግስት በዋናነት የሚገዛው ለልጆች ነው። ከ1989 እስከ 1991 የነበረው የኩፍኝ ወረርሽኝ ብዙ ያልተከተቡ ልጆችን ከጎዳ በኋላ በ1993 ህግ ወጥቶ በ1994 ስራ የጀመረ ፕሮግራም አለ፣ እስከ 18 አመት ያሉ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ የመንግስት ኢንሹራንስ) ያላቸው ወይም ኢንሹራንስ የሌላቸው ልጆች የክትባቱን ዋጋ አይከፍሉም፣ ብዙ የኛ ቤተሰቦችም የሚጠቀሙበት ይሄ ነው። የስቴቱ ጤና ቢሮ ፍላጎቱን ቀድሞ ለሲዲሲ ያሳውቃል፣ እዚህ ላይ ሂሳቡ ቀላል አይደለም ምክንያቱም ከ6 ወር እስከ 8 አመት ያለ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ ቢያንስ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ዶዝ ያስፈልገዋል፣ አንድ ልጅ አንድ ዶዝ ብሎ ያቀደ ቢሮ መሀል ላይ ያልቅበታል።

እቅድ እንዴት እንደሚፈርስ በ2004 ታይቷል። አሜሪካ ወደ 100 ሚሊዮን ዶዝ ትጠብቅ ነበር፣ ግማሽ የሚጠጋው ካይሮን ከሚባል ኩባንያ ሊቨርፑል ካለው ፋብሪካው የሚመጣ ነበር፣ ኦክቶበር 5 የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ በባክቴሪያ ብክለት ምክንያት ፈቃዱን አገደ፣ በቃ፣ በአንድ ቀን ግማሹ ጠፋ። ሲዲሲ ወዲያው ቅድሚያ ለአረጋውያን፣ ለህፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ስር የሰደደ በሽታ ላለባቸውና ለጤና ሰራተኞች ይሁን አለ፣ ሌላው ጤነኛ ሰው እንዲቆይ ተጠየቀ፣ ሽማግሌዎች ከንጋት ጀምሮ ሰልፍ ያዙ። የሚያሳዝነው ጃንዋሪ ላይ አንዳንድ ቦታ ክትባት ተርፎ ገደቡ እንዲላላ ተደረገ፣ ቆዩ የተባሉት ብዙዎቹ ተመልሰው አልመጡም። ለኔ ከዚህ ታሪክ ትልቁ ነገር በጥቂት አምራች ላይ መንጠልጠል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ነው፣ ዛሬ ከድሮው ይሻላል፣ በእንቁላል ብቻ ሳይሆን ላብራቶሪ ውስጥ በሚያድግ ሴልና በሪኮምቢናንት (ቫይረሱን ሳያሳድጉ በጄኔቲክ ዘዴ) ቴክኖሎጂ የሚሰሩም አሉ፣ አምራቾቹ ግን አሁንም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ክትባቱ ሲመጣም አንዴ ሙሉ አይመጣም፣ ከኦገስት ጀምሮ በየተራ ነው የሚላከው፣ ስለዚህ አንዱ ክሊኒክ ሲያገኝ ጎረቤቱ ላያገኝ ይችላል፣ ይሄ ሁልጊዜ እጥረት ማለት አይደለም። ጤና ቢሮዎች አንዱ ጋ የተከማቸውን ሌላው ጋ ያዘዋውራሉ። ክሊኒኩ የመንግስቱን ስቶክና የግሉን ለይቶ መያዝ አለበት፣ ፍሪጁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ በረዶ የያዘ ክትባት ደህና ቢመስልም አይሰጥም።

አብዛኛው ዶዝ ጁን 30 ላይ ጊዜው ያልፋል። ለልጆች በመንግስት ከተገዛው ያልተሰጠው ተመላሽ ይደረጋል፣ በየዶዙ የተከፈለው 75 ሳንቲም የፌደራል ታክስ እንዲመለስ።

በዚህ ሁሉ መሀል ክፍተቱ ሰፊ የሆነው ኢንሹራንስ የሌለው አዋቂ ላይ ነው። 65 አመት ሞልቶት ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግስት ኢንሹራንስ) ያለው ይሸፈንለታል፣ ልጁ ከላይ ያልነው ፕሮግራም አለው፣ ለአዋቂው ግን እንደ ልጆቹ መብት ሆኖ በህግ የተቀመጠ ፕሮግራም የለም፣ ያለው ውስን በጀት ነው፣ የካውንቲ ጤና ቢሮዎች በዛ ገዝተው በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሰጣሉ፣ ያም ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ እንደዚህ ያለ ዘመድ ያለው ሰው ሴፕቴምበር ላይ ለካውንቲው ደውሎ ነፃ ክትባት የሚሰጥበትን ቀን ይጠይቅለት።