«ንቀውናል» የሚል ቡድን ለምን ያሸንፋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። ኳስ ሜዳ ላይ ይህ አባባል እውነት የሚመስልበት ቀን ብዙ ነው። ማንም ያልጠበቀው ቡድን ትልቁን ሲጥል፣ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ከኋላ ወንበር የሚመጣው ድምፅ ሁሌም አንድ ነው፦ «ንቀዋቸው ነበር፣ አሳዩዋቸው!» እኔም ብዬዋለሁ። «የናቁት ወንድ ያስረግዛል» እያሉ ከማያውቁት ሰው ጋር መተቃቀፍ የራሱ ደስታ አለው።

ግን ነገሩ የሁሉም ድል ማብራሪያ ሲሆን ይከነክነኛል። ለወራት የተለፋበትን ሥራ «ወኔ» በሚል አንድ ቃል ያስረሳል። የእኛ ብሔራዊ ቡድን በተሸነፈ ቁጥር «ወኔ የላቸውም» ተብሎ ወሬው የሚዘጋውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመተ ምሕረቶቹም ወሮቹና ቀኖቹም በሙሉ የፈረንጆች ናቸው።

«ሳዑዲ አርጀንቲናን የጣለችው በእልህ ነው»

ኅዳር 2022፣ የኳታር ዓለም ዋንጫ፣ ሉሳይል ስታዲየም። አርጀንቲና 36 ጨዋታ ሳትሸነፍ ነው የመጣችው። ሜሲ በ10ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። ከእረፍት መልስ ግን አል ሸህሪ እና አል ዳውሳሪ በአምስት ደቂቃ ልዩነት ሁለት አስቆጠሩ። 2 ለ 1 አለቀ። በማግስቱ ሳዑዲ ውስጥ ሥራ ተዘግቶ ዋለ።

የአሰልጣኙ የሄርቬ ሬናርድ የእረፍት ሰዓት ቁጣ በቪዲዮ ወጥቶ በየስልኩ ዞሯል። ብዙ ሰው ያስቀረው ጩኸቱን ነው። የሚናገረውን ግን ልብ ብላችሁ ስሙት። ሜሲ መሃል ሜዳ ላይ ኳስ ይዞ እያለ እናንተ ተከላካዮቻችሁ ፊት ቆማችሁ ታያላችሁ ነው የሚለው። ከፈለጋችሁ ስልካችሁን አውጡና አብራችሁት ፎቶ ተነሱ ይላቸዋል። ይህ የቦታ አያያዝ እርማት ነው። ማን ወደ ሜሲ መሄድ እንዳለበት እየነገራቸው ነው። ቁጣው እርማቱ ጆሯቸው እንዲገባ ነው።

የመጀመሪያውን 45 ደቂቃም እንመልከተው። አርጀንቲና ሦስት ጎል አግብታ ሦስቱም በኦፍሳይድ ተሽረዋል። አንዱ የሜሲ፣ ሁለቱ የላውታሮ ማርቲኔዝ። የሳዑዲ ተከላካዮች ወደ መሃል ሜዳ ተጠግተው በአንድ መስመር ነበር የሚንቀሳቀሱት። አንዱ ግማሽ እርምጃ ቢዘገይ ጎል ነው። በንዴት የጦፈ ሰው እንዲህ ያለ መስመር መጠበቅ አይችልም። ይህ የልምምድ ሜዳ ውጤት ነው። 26ቱም ተጫዋቾች በሀገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ነበሩ። ብዙዎቹ አል ሂላል ውስጥ አብረው ስለኖሩ ሳይነጋገሩ ይግባባሉ።

ቀጥሎስ? በፖላንድ 2 ለ 0፣ በሜክሲኮ 2 ለ 1 ተሸነፉ። ከምድቡ መጨረሻ ሆነው ወጡ። አርጀንቲና ዋንጫውን ይዛ ተመለሰች። «ንቀውናል» የሚለው ስሜት ለአንድ ቀን ቤንዚን ይሆናል። ፖላንድ ግን ሳዑዲን ንቃ አልገባችም። ያኔ ቤንዚኑ ከየት ይመጣል?

«ሌስተር ዋንጫ የበላው ዓለምን ተናዶ ነው»

ይህንን ስሰማ ያ የሳቅ ዓመት ትዝ ይለኛል። በ2015 ክረምት ሌስተር ሲቲ ዋንጫ ይበላል ብሎ አንድ ፓውንድ ላስያዘ ሰው ቤቲንግ ቤቶቹ 5,000 ፓውንድ ሊከፍሉ ነበር። እንዲህ የተናቀ ቡድን እየጦፈ ይመጣል ብላችሁ ብትጠብቁ አይፈረድባችሁም።

የመጣው ግን አሰልጣኙ ክላውዲዮ ራኒዬሪ ነው። ለወራት «ግባችን 40 ነጥብ ነው» ሲል ቆየ፤ ላለመውረድ የሚበቃውን ማለት ነው። ቡድኑ በመጀመሪያዎቹ 9 ጨዋታዎች 17 ጎል ገብቶበት ነበር። ራኒዬሪ ጎል ሳይገባባችሁ ከወጣችሁ ፒዛ እጋብዛለሁ አላቸው። ጥቅምት 24 ክሪስታል ፓላስን 1 ለ 0 አሸነፉ። ፒዛ ቤት ሲደርሱ ታዲያ የተዘጋጀ ፒዛ አልጠበቃቸውም። ሊጡን ራሳቸው እንዲዳምጡ አደረገ። ለፒዛም መልፋት አለባችሁ ነው ነገሩ። እስከ መጨረሻው በቀሩት 29 ጨዋታዎች የገባባቸው 19 ጎል ብቻ ነው። በ81 ነጥብ፣ አርሰናልን በ10 ነጥብ በልጠው ዋንጫውን በሉ። ዓመቱን ሙሉ የተሸነፉት ሦስት ጊዜ ነው።

በዚያው ዓመት በንዴት የሚንቀሳቀስ ቡድን ካስፈለጋችሁ ቸልሲ አለላችሁ። አሰልጣኙ ጆዜ ሞሪንሆ የሊጉ ሻምፒዮን ሆኖ ነው የጀመረው። ከመጀመሪያው ጨዋታ ከራሱ የሕክምና ባለሙያዎች ጋር ተጣላ። ዳኞች ለእኛ ፍጹም ቅጣት ምት መስጠት ይፈራሉ አለና 50,000 ፓውንድ ተቀጣ። አንድ ጨዋታ ደግሞ ስታዲየም እንዳይገባ ታገደ። ታኅሣሥ 14፣ 2015 ሌስተር ሜዳ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ቫርዲ እና ማህሬዝ ናቸው ያገቡት። ከጨዋታው በኋላ ሥራዬ የተከዳ ያህል ይሰማኛል አለ። ከሦስት ቀን በኋላ ተሰናበተ። ቸልሲ በ16 ጨዋታ 9 ጊዜ ተሸንፎ 16ኛ ላይ ነበር።

ሞሪንሆን ለማሳነስ አይደለም፤ ተጫዋቾችን በእልህ የማነሳሳት ጥበብ አባት እሱ ነው። ግን «ሁሉም ጠላታችን ነው» የሚለው ነገር ሰው ያደክማል። ውጭ ያለው ጠላት ሲያልቅ ቤት ውስጥ መፈለግ ይጀመራል። ቸልሲ ላይ ያየነው ይህንን ነው።

«‹ንቀውናል› ማለት የድሃ ቡድን መሣሪያ ነው»

አይደለም። ትልልቆቹ ናቸው በደንብ የሚያውቁበት። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን የስኮትላንዱ ክለብ አበርዲን አሰልጣኝ እያለ የግላስጎው ጋዜጦች ለሴልቲክ እና ለሬንጀርስ ያደላሉ እያለ ልጆቹን ያነሳሳ ነበር። ያኔ ያስኬድ ነበር፤ ከተማው ሩቅ ነው፣ ክለቡም ትንሽ ነው። በ1983 ጎተንበርግ ላይ ሪያል ማድሪድን 2 ለ 1 አሸንፈው የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ወሰዱ። ማንችስተር ዩናይትድ ሲሄድ ግን ያንኑ ነገር ይዞ ሄደ። 13 የሊግ ዋንጫ ሲያነሳ፣ በዓለም ካሉት ሀብታም ክለቦች አንዱን እየመራ፣ ተጫዋቾቹን ሁሉም ሰው ውድቀታችሁን ይመኛል ይላቸው ነበር። ይህም ውሸት አልነበረም። ሁሌ የሚያሸንፍን ሰው ማን ይወዳል?

ኢንተር ሚላንም በ2010 እንዲሁ ነው። ላለፉት አራት ዓመታት የጣሊያን ሻምፒዮን ሆኖ የከረመ ክለብ ነው። የካቲት ላይ ከሳምፕዶሪያ ጋር ሲጫወት ሳሙኤል እና ኮርዶባ ከእረፍት በፊት በቀይ ወጡ። የያኔው አሰልጣኙ ሞሪንሆ ሁለት እጆቹን እንደታሰረ ሰው አንጓቸው ላይ አነባብሮ ለካሜራ አሳየ። ዘጠኝ ሆነው ባዶ ለባዶ ወጡ። በዚያ ዓመት ሦስት ዋንጫ አነሱ። ግን የዚያ ቡድን ትልቁ ምስል ለእኔ ከእጁ ይልቅ ሳሙኤል ኤቶ ነው። የባርሴሎና ሜዳ ካምፕ ኑ ላይ የኢንተሩ ተጫዋች ቲያጎ ሞታ በ28ኛው ደቂቃ በቀይ ወጥቶ፣ የአፍሪካ ምርጡ አጥቂ እንደ መስመር ተከላካይ ወደ ኋላ እየሮጠ ኳስ ሲያስጥል ዋለ። አንድን ኮከብ ይህን እንዲያደርግ ማሳመን ነው ጥበቡ።

«ሲንቁህ ሁሌም ትበረታለህ»

የሚንቅህ ሰው ማንነት ይወስነዋል። ሳሚር ኑርሞሃመድ የሚባል፣ አሜሪካ ያለው የዋርተን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪ በ2020 ባወጣው ጥናት ይህንን አሳይቷል። ጥናቱ ስለ ኳስ አይደለም፣ ስለ ሥራ ነው። አይችልም የተባለው ሰው የሚበረታው ተናጋሪው የማያውቅ ሆኖ ሲያገኘው ነው። ተናጋሪው ነገሩን የሚያውቅና የሚታመን ከሆነ ግን ንግግሩ ይጎዳል። ጋዜጠኛ «አትችሉም» ሲል ልጆቹ ይስቃሉ። የገዛ አሰልጣኛቸው ሲል ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። አንዳንድ የሰፈር አሰልጣኝ ልጅን «አንተ የማትረባ» እያለ እልህ ውስጥ አስገባዋለሁ ሲል ሳይ በጣም አዝናለሁ።

«የተናቀ ቡድን ፉከራ ያስፈልገዋል»

ዝም አይነቅዝም። ጣሊያን በ1982 የዓለም ዋንጫ ሦስት የምድብ ጨዋታዋን በሙሉ አቻ ወጣች። ካሜሩንን ያለፈችው ብዙ ጎል በማግባት ብቻ ነበር፣ በነጥብ እኩል ናቸው። ጋዜጦቹ አሰልጣኙን ቤአርዞትን እና ሁለት ዓመት ታግዶ የተመለሰውን ፓውሎ ሮሲን አብጠለጠሏቸው። ተጫዋቾቹ ከጋዜጠኛ ጋር መነጋገር አቆሙ። አምበሉ ዲኖ ዞፍ ብቻ እየወጣ ጥቂት ቃል ይናገር ነበር። ከዚያ አርጀንቲና፣ ብራዚል፣ ፖላንድ፣ ምዕራብ ጀርመን፤ አራቱንም አሸነፉ። ሮሲ ብራዚል ላይ ሦስት አገባ።

«ቀይ ካርድ የታየበት ቡድን በአሥር ሰው ይበረታል»

ይህ ወደ ቤታችን ያመጣኛል። ጥር 2013፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩይት። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ላይ ናቸው። ስታዲየሙን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሞልቶታል። ተጋጣሚያቸው የወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ናት። ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። ከእረፍት በፊት ጎል ገባብን። ሁሉ ነገር የጨለመ መሰለ። ከእረፍት መልስ ግን በአሥር ሰው ኳሱን መሬት ላይ አድርገው ተቀባበሉ፣ አዳነ ግርማ አገባ። 1 ለ 1። ያን ጎል አሁንም ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል።

ያ ቀን እውነት ነው፤ ማንም አይነጥቀንም። ግን ከአራት ቀን በኋላ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ስንጫወት የወጣው የእነሱ በረኛ ነው። 1 ለ 0 እየመሩን፣ አሥር ሆነው፣ ሦስት ጨመሩብን። 4 ለ 0። የሆነው እንዲህ ነው። እኛ አንድ ሰው ስለበለጥን ሁላችንም ወደ ፊት ሄድን። ከኋላ ሰፊ ሜዳ ተከፈተ። እነሱ ፈጣን አጥቂዎች ነበሯቸው። ዛምቢያ ላይ የሚያጠቃ ቡድን ማቆም ነበረብን፤ እዚህ ግን የተጠቀጠቀ መከላከያ ማስከፈት ነበረብን። ሁለተኛው ሌላ ሙያ ነው። ያኔ ልጆቹን «ወኔ አጡ» ያልናቸው ሰዎች በድለናቸዋል። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ።

«ጠላት ከሌለ ይህ መንፈስ አይኖርም»

ከሁሉም የምቃወመው ይህንን ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ያችው ዛምቢያ ናት።

ሚያዝያ 27፣ 1993 የዛምቢያ ብሔራዊ ቡድን ሴኔጋልን ለመግጠም ሲጓዝ፣ ሊብረቪል ነዳጅ ቀድቶ የተነሳው አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ወደቀ። 30 ሰው አለቀ፤ 18ቱ ተጫዋቾች ናቸው። የቡድኑ ኮከብ ካሉሻ ብዋሊያ ሆላንድ ይጫወት ስለነበር አብሯቸው አልተሳፈረም።

በ2012 የአፍሪካ ዋንጫ በጋቦን እና በኢኳቶሪያል ጊኒ ተዘጋጀ። ፍጻሜው ሊብረቪል ነው። ዛምቢያ የምድብ ጨዋታዎቿንም ግማሽ ፍጻሜውንም ያደረገችው ኢኳቶሪያል ጊኒ ውስጥ ነበር። ወንድሞቻቸው ወደሞቱበት ከተማ ሄዶ ለመጫወት ለፍጻሜ መድረስ የግድ ነበር። ጋናን 1 ለ 0 ጥለው ደረሱ። ከፍጻሜው በፊት ባሕሩ ዳር ሄደው አበባ አኖሩ። ካሉሻ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኖ አብሯቸው ነበር። አሰልጣኙ ማን መሰላችሁ? ያው ሬናርድ ነው፣ ከሳዑዲው ጩኸት አሥር ዓመት በፊት።

ተጋጣሚያቸው አይቮሪ ኮስት ነበረች። ድሮግባ፣ ያያ ቱሬ፣ ጀርቪንሆ። በውድድሩ አንድም ጎል ያልገባባት ቡድን። ዛምቢያን ማን ገመታት? ግን ልጆቹ አይቮሪ ኮስትን ለመጥላት የሚያበቃ ምክንያት አልነበራቸውም። ለማን እንደሚጫወቱ ነበር የሚያውቁት። ድሮግባ ፍጹም ቅጣት ምት ወደ ላይ ሰደደው። 120 ደቂቃ ባዶ ለባዶ አለቀ። በመለያ ምቱ ጊዜ የዛምቢያ ተጫዋቾች መሃል ሜዳ ላይ ተያይዘው ይዘምሩ ነበር። ኮሎ ቱሬ ሳተ። ጀርቪንሆ ሳተ። ስቶፒላ ሱንዙ አገባ። 8 ለ 7።

ተከላካዩ ጆሴፍ ሙሶንዳ ጨዋታው ገና እንደተጀመረ ተጎድቶ እያለቀሰ ነበር የወጣው። ሁሉም እየሮጠ ሲጨፍር እሱ መራመድ አልቻለም። ሬናርድ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ወደ እሱ ሄደ። እንደ ሕፃን በሁለት ክንዱ አቀፈው፤ ተሸክሞም ጓደኞቹ ወደሚጨፍሩበት ወሰደው።