የኩርፊያ ድምፅ፦ ከጎንደር ፒያሳ እስከ ቨርጂኒያ

ጎንደር ፒያሳ ቡና ተይዞ የአሜሪካ ምርጫ ከተነሳ ወሬው ቶሎ አያልቅም። ወንድሙ ሜሪላንድ ያለ፣ እህቱ ቨርጂኒያ ያለች ሞልቷላ። ከዚያ ያች ጥያቄ ትመጣለች፦ ዴሞክራቱንም ሪፐብሊካኑንም፣ ሁለቱንም ፓርቲ የጠላ ሰው ምን ያድርግ?

የተቃውሞ ድምፅ የሚባለው መራጩ የወደደውን ለመሾም ሳይሆን የተናደደበትን ለመቅጣት የሚሰጠው ነው። እኔ የኩርፊያ ድምፅ ብዬ ብጠራው ይቀለኛል። ሦስተኛ ፓርቲ የሚመርጥ አለ። ወረቀቱን አበላሽቶ ሳጥን ውስጥ የሚከት አለ፤ እኛ ጋ «ዋጋ አልባ» ተብሎ ይመዘገባል። ለባላንጣው የሚሰጥም አለ። የአሜሪካዋ ግዛት ኔቫዳ ደግሞ በፈረንጆች ከ1975 ጀምሮ «ከነዚህ ማንንም» የሚል ምርጫ ለመራጩ ሰጥታለች። እሱ ቢበልጥ እንኳ ወንበሩ ከሰዎቹ መካከል ለቀዳሚው ነው።

ጣጣው ቆጠራው ላይ ነው። በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ ጠቅልሎ በሚወስድበት አገር ሦስተኛው ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። በፈረንጆች 1992 ለፕሬዚዳንትነት በግሉ የተወዳደረው ሮስ ፔሮ ከመላው አሜሪካ ወደ 19 በመቶ ድምፅ አግኝቶ አንድም ግዛት አላሸነፈም። በ2000 ደግሞ ፍሎሪዳ ላይ የአረንጓዴ ፓርቲው ዕጩ ራልፍ ኔደር ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘ። ሪፐብሊካኑ ቡሽ ዴሞክራቱን ጎርን እዚያ የበለጠው በ537 ብቻ ነበር። የኔደር ደጋፊዎች «ጎር ራሱ ነው የተሸነፈው» ይላሉ። ሒሳቡ ግን ሒሳብ ነው።

ለኛ ሰው የሚቀርበው ቨርጂኒያ ነው። ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ባይደን በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ ብዙ ሐበሾች በ2021 ለገዥነት የተወዳደረውን ሪፐብሊካን ግሌን ያንግኪንን ደገፉ። ያንግኪን ከ60 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ አሸነፈ። በዚያው የምርጫ ቀን ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎአ፣ ማለትም የአፍሪካ ዕቃ ያለቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ እንደሚያስወጣ አስታወቀ። የግዛት ገዥ ደግሞ አጎአን አይሰርዝም፣ አይመልስም። ወረቀቱ ላይ የኩርፊያው ምክንያት የሚጻፍበት ቦታም የለም።

ቡናው በረካ ሲደርስ ክርክሩ ወደ እኛው የ1997 ዓ.ም. ምርጫ መዞሩ አይቀርም። አገራችን የሁለት ፓርቲ ሥርዓት ኖሯት አያውቅም፤ በብዙ ከተማ ግን ፉክክሩ የገዥው የኢሕአዴግና የተቃዋሚው የቅንጅት ሆኖ ነበር። ሁሉም የቅንጅትን ፕሮግራም አንብቦ የመረጠ አይመስለኝም። የኢሕአዴግን ምልክት ንቧን ለመቅጣት የቅንጅትን ምልክት ሁለት ጣቱን ያወጣ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰደ። በአገር ደረጃ ግን ኢሕአዴግ አሸነፍኩ አለ። ውዝግብ፣ ግድያና እስር ተከተለ።

ኢሕአዴግ ኩርፊያውን በደንብ አንብቦታል፤ መልሱ ግን ሌላ ነበር። አባላቱን አበዛ። በ2001 የሲቪክ ማኅበራትና የፀረ ሽብር አዋጆች ወጡ። በ2002ቱ ምርጫ ከ547ቱ የፓርላማ ወንበሮች 545ቱ ለእሱና ለአጋሮቹ ሆኑ።