የሞተር ሳይክል የነዳጅ ቱቦ፦ ፍተሻና ቅያሪ

የሞተር ሳይክል የነዳጅ ቱቦ ከታንኩ ሥር ካለው የነዳጅ መክፈቻ ተነሥቶ ቤንዚንን ከአየር ጋር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነዳጅ የሚያደርስ የጎማ መስመር ነው። ከአንድ ክንድ የማይረዝምና ዋጋውም እዚህ ግባ የማይባል ዕቃ ቢሆንም፣ ከጋለ ሞተር አጠገብ ቤንዚን ተሸክሞ ስለሚያልፍ ሲያረጅ የሚያመጣው ጣጣ ቀላል አይደለም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ተቀጣጣይ ተን ያወጣል፤ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ይተኛል።

ጎማውን የሚያስረጁት ሙቀት፣ ንዝረት፣ ፀሐይና ራሱ ነዳጁ ናቸው። በተለይ ኤታኖል የተባለ አልኮል የተቀላቀለበት ቤንዚን ለእሱ ተብሎ ያልተሠራን ጎማ ያሳብጣል፣ ያዳክማልም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2008 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ስለነበር፣ ነገሩ ለአሮጌ ሞተር ባለቤቶች ባዕድ አይደለም።

በፍተሻ ጊዜ በዓይን ማየት ብቻውን አያስተማምንም። መሃሉ ጥቁርና ለስላሳ የሆነ ቱቦ ጫፉ ላይ አልቆ ሊገኝ ይችላል፤ ጎማው እዚያ ላይ ከውስጥ በሚሰካበት አጭር ቧንቧ (በአፍንጫው) ተለጥጦ፣ ከውጭ በማሰሪያው ታንቆ ነውና የሚኖረው። ስለዚህ ጫፉን በሁለት ጣት ይዞ ማጠፍ ያስፈልጋል፤ ቀጥ ብሎ ሳለ የማይታዩት ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ያን ጊዜ አፋቸውን ይከፍታሉ። ሲጫኑት እንደ ፕላስቲክ የደረቀም ሆነ እንደ ማስቲካ የላላ ቱቦ መቀየር አለበት። ውስጡ መፈርፈር የጀመረውን ደግሞ የሚያጋልጠው ነዳጁ በሚጠራቀምበት የካርቡሬተሩ ጽዋ ውስጥ የሚዘቅጠው ጥቁር ብናኝ ነው፤ ቱቦውን ትቶ ካርቡሬተሩን ደጋግሞ ማጠብ ከንቱ ድካም የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቅያሪው የሚሠራው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ነዳጁ ተዘግቶ፣ ከማንኛውም እሳት ርቆ አየር በሚገባበት ቦታ ነው። የደረቀን ቱቦ በፒንሳ መጎተት የካርቡሬተሩን አፍንጫ ሊሰብር ስለሚችል፣ አፍንጫውን ሳይጭሩ ቱቦውን በስለት በቁመቱ ሰንጥቆ መላጥ ይሻላል። አዲሱ ቱቦ የውስጥ ስፋቱ ከአሮጌው ጋር እኩል የሆነና ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት፤ የውሃ ቱቦ ቤንዚን ሲነካው ቆይቶ ይደርቅና ከአፍንጫው ይንሸራተታል። ካርቡሬተር በሌላቸው፣ ነዳጁ በፓምፕ ተገፍቶ በሚረጭባቸው የኢንጄክሽን ሞተሮች የነዳጁ ግፊት ብዙውን ጊዜ 3 ባር ገደማ ስለሚደርስ፣ ለካርቡሬተር የተሠራ ተራ ቱቦ አይሆናቸውም፤ ከመፍታት በፊትም ግፊቱን ማስወገድ ግዴታ ነው።

አዲሱ ቱቦ ሲዘረጋ እንዳይቆለመም፣ ማርሚታውንም እንዳይነካ ይደረጋል። ከዚያ ነዳጁ ይከፈትና በሁለቱም መጋጠሚያዎች ሥር ደረቅ ሶፍት ለጥቂት ደቂቃ ይያዛል፤ ሶፍቱ ላይ የእርጥበት ነጥብ ከታየ ማሰሪያው በትክክል እስኪይዝ ድረስ ሞተሩ አይነሣም።