የድሮን ፈርምዌርን ከምንጭ ኮዱ ኮምፓይል ማድረግ ምንድን ነው?

ድሮን ሚዛኑን ጠብቆ የሚበረው፣ በመካከሉ ባለች ትንሽ ቦርድ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም የጋይሮስኮፑን (የድሮኑን የመዞር ፍጥነት የሚለካውን መሣሪያ) ንባብ በየሴኮንዱ ብዙ መቶ ጊዜ እየተቀበለ የእያንዳንዱን ሞተር ፍጥነት ስለሚያስተካክል ነው። ይህ ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። አርዱፓይለትና ቤታፍላይት የተባሉት የድሮን ፈርምዌሮች ምንጭ ኮድ (ፕሮግራመሮች የጻፉት ጽሑፍ) ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ ባሕር ዳር በቤቱ የተቀመጠ ሰው ኮዱን አውርዶ ፈርምዌሩን ራሱ ማዘጋጀት ይችላል። ኮምፓይል ማድረግ ማለትም በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውን ኮድ የቦርዱ ቺፕ ወደሚፈጽመው ትእዛዝ መለወጥ ነው። የአብዛኛው ቦርድ ቺፕ የአርም ዓይነት በመሆኑ፣ ለቤቱ ኮምፒውተር ሳይሆን ለሌላ ቺፕ ትእዛዝ የሚያወጣ ክሮስ ኮምፓይለር ያስፈልጋል።

ተዘጋጅቶ የሚወርድ ፈርምዌር እያለ ይህ ሁሉ ለምን? ኮዱን መለወጥ ለማይፈልግ ሰው፣ በእኔ እምነት፣ ብዙም አያስፈልግም። ነገር ግን ኤፍ 405ን በመሰሉ ቺፖች ላይ ያለው 1 ሜጋባይት ማከማቻ ለሁሉም አገልግሎት ስለማይበቃ፣ አርዱፓይለት ለእነዚህ ቦርዶች አንዳንድ አገልግሎቶችን ይቀንሳል፤ ራሱ ኮምፓይል የሚያደርግ ሰው ግን የትኛው እንደሚቀር ይመርጣል።

በከተማችን ዋናው ፈተና የመብራትና የኢንተርኔት መቆራረጥ ነው። በጊት (ኮድን ከነለውጥ ታሪኩ በሚይዘው ፕሮግራም) የተጀመረ የመጀመሪያ ማውረድ መሐል ላይ ከተቋረጠ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ስለዚህ ሙሉ ታሪኩን ትቶ የቅርቡን ቅጂ ብቻ ማውረድ ይሻላል። ኮምፓይሉ ራሱ ሲቋረጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የኮምፓይል መሣሪያው ተሠርተው ያለቁትን ፋይሎች ትቶ ከቀሩት ይቀጥላል። ፈርምዌሩ ወደ ቦርዱ ሲጫን ቢቋረጥ እንኳ፣ ኤፍ 405ን የሚያካትቱት የኤስ ቲ ኤም 32 ቺፖች የማይጠፋ ማስነሻ ፕሮግራም ከፋብሪካ ስላላቸው፣ በቦርዱ ላይ ያለውን የቡት (የማስነሻ) ቁልፍ ተጭኖ በዩኤስቢ እንደገና መጫን ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የቦርዱን ስም በትክክል መምረጥ ነው፤ የአንዱ ቦርድ የሞተርና የጋይሮስኮፕ መስመር ከሌላው ስለሚለይ፣ ያለ ስሕተት የተጠናቀቀ ኮምፓይል ለተሳሳተ ቦርድ የተሠራ ሊሆን ይችላል። አርዱፓይለት በኮምፒውተሩ ላይ ብቻ የሚሠራ የማስመሰያ በረራም ስላለው፣ መነሻውን ባሕር ዳር፣ ከፍታውን 1,800 ሜትር ገደማ አድርጎ ለውጡን አስቀድሞ መሞከር ይቻላል። እውነተኛ በረራ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አዲስ የተጫነ ፈርምዌርም በመጀመሪያ የሚፈተሸው ፕሮፔለሮቹ ተነቅለው ነው።